ሃሌቢዱ፦ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ቅርጻ ቅርጽ እንዴት ይነበባል?

የማይሱሩው

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ደቡብ ሕንድ፣ ካርናታካ ውስጥ ነው የምማረው። እዚህ ያለን ሐበሾች ዕረፍት ስናገኝ አብዛኞቻችን ወደ ባሕር ዳርቻ ነው የምንሮጠው። ዛሬ ግን ሌላ ቦታ ልጠቁማችሁ ነው። ሃሌቢዱ ይባላል። ከቤንጋሉሩ ወደ ምዕራብ 200 ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ሐሰን ከምትባለው ከተማ ቅርብ ነው። ዛሬ ትንሽ የገጠር ከተማ ናት። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ግን የሆይሳላ ነገሥታት ዋና ከተማ ነበረች። ያኔ ዶራሳሙድራ ትባል ነበር። ሆይሳሌሽዋራ የሚባለው፣ ሺቫ ለሚባለው የሂንዱ አምላክ የተሠራው ቤተ መቅደስ እዚያ ነው ያለው። ሥራው የተጀመረው በንጉሥ ቪሽኑቫርዳና ዘመን፣ በ1121 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው።

ብዙ ጎብኚ ይገባል፣ ይደነቃል፣ ሰልፊ ይነሳል፣ ይወጣል። ይህ ያሳዝነኛል። እዚያ ግድግዳ ላይ እንዲያው ቦታ ለመሙላት የገባ ምስል የለም ማለት ይቻላል። ማን እንደሆነ፣ ምን እያደረገ እንደሆነ፣ ለምን እዚያ እንደቆመ ይታወቃል። አነባበቡን ላወቀ ሰው ግማሽ ቀን አይበቃውም።

ከታች ጀምሩ። ሕንፃው የቆመው ሰው እንደልቡ በሚዞርበት ሰፊ የድንጋይ መደብ ላይ ነው። ግድግዳው ቀጥ ብሎ አይሄድም። እየገባ እየወጣ፣ ብዙ ማእዘን እየሠራ፣ ከላይ ሲታይ ኮከብ እየመሰለ ነው የሚዞረው። ስለዚህ ፀሐይ ቦታዋን ስትቀይር ጥላውም ይቀየራል። ጠዋት ያላያችሁት ፊት ከሰዓት በኋላ ብቅ ይላል።

የታችኛው ረድፍ ዝሆን ነው። ዙሪያውን ሁሉ ዝሆን። ክብደቱን የሚሸከሙ እነሱ ናቸው፣ የጥንካሬ ምልክት። በላያቸው አንበሶች አሉ። ከዚያ ሐረግ፣ ልክ በብራና መጻሕፍታችን ላይ እንደምናውቀው የሚጠማዘዝ ሐረግ። ከዚያ ፈረሰኞች፣ እንደገና ሐረግ። ቀጥሎ ራማያናና ማሃባራታ የሚባሉት ሁለቱ ጥንታዊ የሕንድ የጀግንነት መጻሕፍት ታሪክ በትንንሽ ምስሎች የሚተረክበት ረድፍ ይመጣል። በላዩ ማካራ አለ፤ የአዞ አፍ፣ የዝሆን ኩምቢ፣ የአንበሳ እግር፣ የጣዎስ ጭራ ያለው ፍጡር። ከሱ በላይ ዝይዎች። የአማልክቱ ትልልቅ ምስሎች የሚጀምሩት ከዚህ ሁሉ በላይ ነው።

ከትልልቆቹ አንዱን ልንገራችሁ። ባለ ብዙ ራሱ ንጉሥ ራቫና የሺቫ መኖሪያ የሆነውን የካይላሻን ተራራ ከሥሩ ነቅሎ ሊያነሳ ተንበርክኳል። ብዙ እጆቹ እንደ ማራገቢያ ተዘርግተዋል። ተራራው ከላዩ በደርብ በደርብ ተሠርቷል፤ ዛፍ፣ አውሬ፣ አገልጋይ ተጨናንቀውበታል። ጫፉ ላይ ሺቫና ሚስቱ ፓርቫቲ ተቀምጠዋል። ታሪኩ እንደሚለው ሺቫ በእግሩ ጣት ተራራውን ጫን አደረገው፣ ራቫናም ሥሩ ተያዘ። ቀራጺው ይህን ሁሉ ያስገባው አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ በሚሸፍነው ድንጋይ ላይ ነው። ራቫና ሲያቃስት፣ ላይ ያሉት ሲረጋጉ፣ መሐል ያሉት እንስሳት ሲደናገጡ ይታያል።

ጥያቄ ያለው ይጠይቅ። የማውቀውን እመልሳለሁ።

ፀዳል_21

ወንድሜ በጣም ደስ ይላል። እኔ የሕንድ ፊልም እያየሁ ያደግኩ ነኝ፣ ግን አማልክቱን እስከዛሬ መለየት አልቻልኩም። ሁሉም አራት እጅ አላቸው፣ ሁሉም ዘውድ አድርገዋል። እንዴት ነው የምትለያቸው?

የማይሱሩው

ፀዳል፣ ፊቱን ተይው፣ እጁን እዪ። ፊቱ ብዙ ጊዜ የተረጋጋና ተመሳሳይ ነው። ማንነቱን የሚናገረው የያዘው ዕቃ ነው።

ቪሽኑ ዛጎል፣ ቻክራ የሚባል ክብ ስለት፣ ቆመጥና የሎተስ አበባ ይይዛል። ሺቫ ባለ ሦስት ጣት ጦርና በእጅ የሚያዝ ትንሽ ከበሮ። ግንባሩ ላይ ሦስተኛ ዓይን አለው፣ እባብም ይጠመጠምበታል። ብራህማ አራት ፊት አለው፤ ግድግዳ ላይ ሲቀረጽ ግን አራተኛው ወደ ኋላ ስለሚሆን ሦስቱ ብቻ ናቸው የሚታዩት። ጋኔሻን ማንም አይስተውም፣ የዝሆን ራስ ነው። አንዱ ጥርሱ ግን የተሰበረ መሆኑን አስተውዪ። ማሃባራታን ሲጽፍ ብዕር አጥቶ የራሱን ጥርስ ሰብሮ ጻፈበት ይባላል። ሃሌቢዱ ላይ ቦርጩን ይዞ የሚደንስ ጋኔሻ አለ፤ እንደዚያ ከባድ አካል እንደዚያ ቀላል ሆኖ አላየሁም።

ሁለተኛው መለያ የሚቀመጡበት ነው። ሺቫ ኮርማ አለው፣ ናንዲ። ቪሽኑ ጋሩዳ የሚባል ንስር መሳይ። ጋኔሻ አይጥ። ሃሌቢዱ ሁለት ቤተ መቅደስ ጎን ለጎን ተጣምረው የቆሙበት ስለሆነ ሁለት ትልልቅ ናንዲዎች አሉ። በምሥራቅ በኩል ተኝተው ፊታቸውን ወደ ውስጥ አዙረው ጌታቸውን ይመለከታሉ። የአንገታቸው ጌጥ፣ ቃጭሉ ሳይቀር፣ ተፈልቅቆ ነው የወጣው።

አንድ ልጨምርልሽ። የቪሽኑ አራቱ ዕቃዎች በአራቱ እጆች ላይ ቦታ ሲቀያየሩ 24 አደራደር ይወጣል። 24ቱም የየራሳቸው ስም አላቸው። ዛጎሉ ከየትኛው እጅ ወደየትኛው እንደሄደ አይቶ "ይሄ ኬሻቫ ነው፣ ይሄ ማዳቫ ነው" የሚል ሰው አለ። እንደዚያ ጥብቅ ነው ሕጉ።

ቀለም_በጥባጭ

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው ሙያዬ። ይህን ሳነብ ቤቴ የገባሁ ያህል ነው የተሰማኝ። እኛም እንደዚሁ እኮ ነን። ነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ዘንዶ የሚወጋ ካየህ ጊዮርጊስ ነው፣ ስሙ ባይጻፍም። በአንበሳና በነብር መሐል የቆመ ባለ ረጅም ጢም ሽማግሌ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ናቸው። በአንድ እግር የቆሙ፣ ክንፍ ያላቸው፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት። በጥንቱ አሣሣል ደግሞ ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ያያል፣ ክፉው በጎን ተሥሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ገበሬው ማንበብ ባይችል ሥዕሉን ያነባል።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። እንዲህ ጥብቅ ሕግ ካለ ቀራጺው የራሱን የት ነው የሚያስገባው? እኛ ጋ ለምሳሌ በልብስ እጥፋት፣ በቀለም፣ በዳር ባሉ ሰዎች ነው የሚገባው።

የማይሱሩው

ጋሼ ቀለም፣ የጠየቁት የጉዳዩ ልብ ነው። እነሱም ጋ በዳር ነው።

ከቪሽኑ መገለጦች አንዱ የሆነው ክሪሽና፣ ጎቫርዳና የሚባለውን ኮረብታ አንስቶ ሕዝቡን ከዝናብ የሚያስጥልበት ትልቅ ቅርጽ አለ። የክሪሽና አቋም በሕግ የታወቀ ነው፤ አንድ እጅ ወደ ላይ፣ ወገብ ሰበር። ቀራጺው እሱን እንደ ሕጉ ሠርቶ ጨረሰ። ከዚያ የራሱን ጀመረ። ላሞቹ አንገታቸውን ቀና አድርገው ያዩታል። እረኞቹ ተጠግተው ቆመዋል። ኮረብታው ላይ ዛፎች በቅለዋል፣ በቅጠሎቹ መሐል እንስሳት ይታያሉ። የላሞቹን ፊት ያየ ሰው ቀራጺው ከብት ጠባቂ ቤት ያደገ ነው ብሎ ይምላል።

ከሃሌቢዱ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ቤሉር አለ። እሱ የቪሽኑ ነው፣ በ1117 እ.ኤ.አ. የተመረቀ። እዚያ ከጣሪያው ሥር ዘንበል ብለው የተደገፉ የሴቶች ምስሎች አሉ፣ 42 ናቸው። አንዷ መስታወት ታያለች፣ አንዷ በቀቀን ይዛለች፣ አንዷ ከበሮ ትመታለች፣ አንዷ ከአደን ተመልሳለች። ከአንዷ ራስ በላይ ባለው የቅጠልና የፍሬ ጥላ ላይ ዝንብ ተቀምጣለች። እንሽላሊት ደግሞ ልትይዛት አድብታለች። ዝንቧ የጥፍር ታህል ናት። ይህን "ሥራ" ብሎ ያዘዘ ንጉሥም ካህንም የለም። ቀራጺው የጨመረው ነው።

ስማቸውንም ጽፈዋል! የቤሉር አንዳንድ ምስሎች ሥር የዳሶጃና የልጁ የቻቫና ስም ተቀርጿል። ባሊጋቪ ከሚባል ቦታ የመጡ አባትና ልጅ ናቸው። ሶማናታፑራ በሚባለው ሌላ የሆይሳላ ቤተ መቅደስ ደግሞ ማሊታማ የሚባል ሰው ስሙን ደጋግሞ ጽፏል። በዚያ ዘመን በብዙ አገር ሠራተኛው ስሙ ሳይታወቅ ነው የሚያልፈው። እነዚህ ግን የሚከበሩ ሰዎች ነበሩ።

ቀለም_በጥባጭ

አባትና ልጅ! በቃ፣ ይህን ለልጄ አነብለታለሁ።

ዲያቆን_ዮ

ሰላም ወንድሞችና እህቶች። ማንንም ለመንቀፍ አይደለም፣ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ጥበቡ ትልቅ ነው፣ አልክድም። ነገር ግን ይህ የሚመለክ ምስል ነው። የእኛን ቅዱሳት ሥዕላት ከዚህ ጋር አንድ አድርጎ ማነጻጸር ተገቢ አይመስለኝም። እኛ ሥዕሉን አናመልክም፣ እናከብራለን። ይህ ልዩነት በደንብ ይነገር።

የማይሱሩው

ዲያቆን፣ ትክክል ነህ፣ ልዩነቱ መነገር አለበት። አንድ ናቸው አላልንም። የተነጋገርነው አንድ ባለሙያ በምልክት እንዴት እንደሚናገር ነው። እኔ እዚያ የምሄደው ለአምልኮ አይደለም፤ ጫማዬን አውልቄ፣ ዝም ብዬ፣ የሰውን እምነት አክብሬ ነው የምገባው።

ደግሞ ውጭ ያለው ምስል ሁሉ የሚመለክ አይደለም። ምእመኑ ውጭውን በቀኙ እያደረገ ይዞራል፣ ታሪኩን ያያል፣ ከዚያ ነው የሚገባው። ወደ ውስጥ በገባህ ቁጥር ጌጡ ይቀንሳል፣ ብርሃኑም ይቀንሳል። መጨረሻ ላይ ትንሽ ጨለማ ክፍል አለች። ሃሌቢዱ ላይ እዚያ ክፍል ውስጥ ያለው ሊንጋ ነው። ፊት የለው፣ እጅ የለው፣ ታሪክ አይነግርህ። ለስላሳ ቋሚ ድንጋይ ነው፣ የሺቫ ምልክት። ውጭ ያ ሁሉ ሰውና አውሬ ተጨናንቆ ውስጡ እንዲህ ባዶ መሆኑ የታሰበበት ነው።

ጋሽ_በየነ

ልጆች፣ ውይይታችሁ ደስ ብሎኛል። በጃንሆይ ጊዜ የሒሳብ መምህራችን ሕንዳዊ ነበሩ። በዚያ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ የሕንድ መምህራን ነበሩ፣ በኔ ዕድሜ ያለ ሰው ያስታውሳል። እኚህ ሰው ቤታቸው ግድግዳ ላይ የአንበሳ ፊት ያለው፣ ሰው ጭኑ ላይ አጋድሞ የሚቀድ አስፈሪ ምስል ነበራቸው። ያኔ በልጅነታችን እንፈራው ነበር። መጠየቅም ነውር ይመስለን ነበር። ምን እንደሆነ ታውቃለህ ልጄ?

የማይሱሩው

ጋሼ፣ አውቀዋለሁ። ናራሲምሃ ይባላል፣ ከቪሽኑ አሥር መገለጦች አንዱ ነው። ግድግዳ ላይ ካየኋቸው ሁሉ በጣም የምወደው ታሪክ እሱ ነው፤ ቀራጺው እንዴት አድርጎ ክርክርን ወደ ድንጋይ እንደሚቀይር ያሳያል።

ሂራንያካሺፑ የሚባል ኃይለኛ ንጉሥ ነበረ። በብዙ ጾምና ተጋድሎ ከአማልክት ቃል አገኘ። ሰውም እንስሳም አይገድለውም። ቤት ውስጥም ከቤት ውጭም አይሞትም። ቀንም ሌሊትም አይሞትም። ምድር ላይም ሰማይ ላይም አይሞትም። በጦር መሣሪያም አይሞትም። ከዚያ በኋላ ማን ይቻለው? ሁሉን ማስጨነቅ ጀመረ። የገዛ ልጁ ፕራህላዳ ግን ቪሽኑን ያመልክ ነበር። አባትየው ተናድዶ "አምላክህ በዚህ ምሰሶ ውስጥም አለ?" ብሎ ምሰሶውን መታው። ምሰሶው ተሰንጥቆ ናራሲምሃ ወጣ።

አሁን ያዩትን ምስል ያስታውሱ፣ ጋሼ። ራሱ አንበሳ፣ አካሉ ሰው ነው፤ ስለዚህ ሰውም እንስሳም አይደለም። ቦታው የበሩ ደፍ ነው፤ ውስጥም ውጭም አይደለም። ጊዜው ማምሻ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል። ንጉሡ የተጋደመው ጭኑ ላይ ነው፤ ምድርም ሰማይም አይደለም። የገደለው በጥፍሩ ነው፤ መሣሪያ አይደለም። ያ ልጆችን የሚያስፈራ ዝርዝር ሁሉ፣ ጭኑም፣ ጥፍሩም፣ የአንበሳው ራስም፣ እያንዳንዱ ለአንዱ ቃል መልስ ነው። የሆይሳላ ቀራጺዎች አንጀቱን እንደ ጌጥ ጎትተው ያወጡታል። ብዙ ጊዜ ከሥር ትንሽ ልጅ እጆቹን አጣምሮ ቆሞ ታያላችሁ። ፕራህላዳ ነው።

ጋሽ_በየነ

እግዜር ይስጥህ ልጄ። መምህራችን ይህን ነግረውን ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ባልፈራን። ነፍሳቸውን ይማር፣ ጎበዝ ሰው ነበሩ።

ኢንጂነር_ሩት

እኔ ስለ ድንጋዩ ነው መጠየቅ የምፈልገው። ፎቶ ላይ ያየሁት የአንገት ሐብል ፍሬ በፍሬ ይቆጠራል። ግራናይት ላይ ይህን መሥራት አይታሰብም። ምን ድንጋይ ነው? ምሰሶዎቹስ እንዴት እንደዚያ ክብ ሆኑ?

የማይሱሩው

ሩት፣ ጥሩ ገባሽበት። ድንጋዩ በእንግሊዞቹ አጠራር የሳሙና ድንጋይ የሚባለው ነው፤ ባለሙያዎች ክሎራይት ሺስት ይሉታል። ከመሬት ሲወጣ ለስላሳ ነው፣ በመሮ እንደ ልብ ይታዘዛል። አየር እያገኘው ሲቆይ ይጠነክራል። ስለዚህ ነው 900 ዓመት ሆኖት የጣት ጥፍር ሳይቀር የሚታየው። ከሆይሳላ ብዙ ቀድመው ከነበሩት የአካባቢው ነገሥታት አንዳንዶቹ በአሸዋ ድንጋይ ይሠሩ ነበር። ድንጋዩ ሲቀየር የቅርጹ ዓይነትም አብሮ ተቀየረ። የጎረቤታችንን ክፍለ ግዛት የታሚል ናዱን ቤተ መቅደሶች ብታዪ በብዛት ግራናይት ናቸው፤ ምስሎቹ ትልልቅ፣ ለስላሳ፣ ጌጣቸው የቀነሰ ነው። የእጅ ጥበብ ማነስ አይደለም፣ ድንጋዩ የሚፈቅደው ያን ያህል ነው።

ምሰሶዎቹን በተመለከተ ቶርኖ ነው። አዎ፣ ቶርኖ ቤት እንደምናውቀው ድንጋዩን እያዞሩ ነው የሞረዱት። ተጠግተሽ ስታዪ አንዱ ከአንዱ በላይ የተደረደሩ ስስ ቀለበቶች አሉት፣ እንደ መስታወት ይለሰልሳል። ጎንበስ ብለሽ ፊትሽን ልታዪበት ትችያለሽ። ሌላው፣ ግድግዳው ድንጋይ በድንጋይ ተገጣጥሞ ነው የቆመው፣ ጭቃም ኖራም አልገባበትም።

ኢንጂነር_ሩት

በ12ኛው ክፍለ ዘመን ያን የሚያህል ክብደት አንጠልጥሎ ማዞር ብቻውን ሥራ ነው። መሽከርከሪያው መሐሉን ካልጠበቀ ምሰሶው ይጎብጣል። ምሕንድስናውን ሳስበው ከምስሎቹ የበለጠ እሱ ገረመኝ።

ቤተል_ድሬ

ይቅርታ፣ እኔ ከሁላችሁም ልለይ ነው። ሄጄ አይቸዋለሁ። ደከመኝ። ዓይን የሚያርፍበት ቦታ የለም። ከላይ እስከ ታች ተጨናንቋል፣ የትኛውን ልይ? ጥበብ ማለት የሚተወውንም ማወቅ ነው ብዬ አምናለሁ። ታሚል ናዱ ውስጥ፣ ማማላፑራም ባሕሩ ዳር ያለውን ትልቅ ቅርጽ ያለበት ዓለት ተመልከቱ። ዝሆኑ በቁሙ ነው፣ ዙሪያው ሰፊ ነው፣ ድንጋዩ ድንጋይ ሆኖ ቀርቷል። እሱ ልቤን ነካው። ሃሌቢዱ አልነካኝም።

የማይሱሩው

ቤተል፣ ማማላፑራምን እኔም እወደዋለሁ። ያ ፓላቫ የሚባሉት የደቡብ ሕንድ ነገሥታት ሥራ ነው፣ ከሃሌቢዱ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። በጠንካራ ዓለት ላይ፣ በውጭ፣ ከሩቅ እንዲታይ የተሠራ ነው። ሃሌቢዱ ግን ከሩቅ እንዲታይ የተሠራ አይደለም። ከሩቅማ ጣሪያው ላይ ሊቆም የሚገባው ግንብ ስለሌለ ዝቅ ያለ ሕንፃ ነው የሚመስለው። የተሠራው በክንድ ርቀት ቆሞ፣ ቀስ ብሎ እየዞረ ለሚያይ ሰው ነው። በየዕለቱ የሚመጣ የከተማው ሰው አንድ ቀን አንዷን፣ በሌላ ቀን ሌላዋን ያያል። እኛ ጎብኚዎቹ ነን ሁሉንም በሁለት ሰዓት ለመጨረስ የምንታገለው።

ከተመለስሽ አንድ ጥግ ብቻ ምረጪ። የማሃባራታው ወጣት ጀግና አቢማንዩ በጠላት ጦር ክብ ውስጥ ገብቶ መውጫ ያጣበትን ትንሽ ቅርጽ ፈልጊ፤ ክቡ እንደ ቀንድ አውጣ ጥምዝ ሆኖ ተቀርጿል። እሱን ብቻ አይተሽ ውጪ።

ቤተል_ድሬ

አሁንም ማማላፑራም ነው የኔ ምርጫ። ግን አንድ ጥግ መርጦ ማየት የሚለው ሐሳብ ገብቶኛል። ባለፈው ከቡድን ጋር ስለነበርኩ አስጎብኚው እየነዳን ነው የወጣነው።

ሰሜን_ሸዋ

አንድ ጥያቄ። ሕንድ ውስጥ እንደ ላሊበላ ከአንድ ዓለት የተፈለፈለ ቤተ መቅደስ አለ ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው? ከኛ ጋር ግንኙነት አለው?

የማይሱሩው

እውነት ነው። ኤሎራ ይባላል፣ ማሃራሽትራ ክፍለ ግዛት ነው። የካይላሻ ቤተ መቅደስ በ8ኛው ክፍለ ዘመን በራሽትራኩታው ንጉሥ በክሪሽና ቀዳማዊ ዘመን ከአንድ የባዛልት ዓለት ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ ወጣ። ቁመቱ ከ30 ሜትር በላይ ነው። አሠራሩ ከቤተ ጊዮርጊስ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ዙሪያውን ቆፍረህ መሐሉን ታስቀራለህ፣ ከጣሪያው ጀምረህ ወደ ወለሉ ትወርዳለህ። ድንጋይ አንዴ ከተፈለጠ መልሰህ አትለጥፈውም። ይህ ግን አንዱ ከሌላው ተምሮ ነው ማለት አይደለም። በዘመን ስንሄድ ከንጉሥ ላሊበላ ጋር የሚገጥሙት ሆይሳላዎቹ ናቸው። እሱ ሮሐ ላይ በነገሠበት ዘመን ሃሌቢዱ ላይ የነበረው ቪራ ባላላ ዳግማዊ ነው።

ኤሎራም ላይ ራቫና ተራራውን ሲያነሳ ታገኘዋለህ። እዚያ ትልቅ ነው፣ ጨለማ ውስጥ ገብቶ ከሥር የሚገፋ ይመስላል። ያንን አይቶ ሃሌቢዱ የመጣ ሰው አንዱ ታሪክ በሁለት እጅ እንዴት እንደሚለያይ ያያል።

ከአቡዳቢ

እኔ አቡዳቢ ነው የምሠራው። እዚህ በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ትልቅ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ተመርቋል። ከሕንዳውያን የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሄጄ ነበር። ሮዝ መልክ ያለው የአሸዋ ድንጋይ ነው፣ ከራጃስታን የመጣ። እዚያው ሕንድ በእጅ ተቀርጾ፣ በመርከብ መጥቶ፣ እዚህ ነው የተገጣጠመው። ሰባት ግንብ አለው፣ ለሰባቱ ኤምሬቶች። የገረመኝ ግን ሌላ ነው፤ ከዝሆኑና ከጣዎሱ ጋር ግመል፣ ኦሪክስና ጭልፊት ተቀርጿል። የባሕረ ሰላጤው እንስሳት ናቸው። ይሄ በጥንቱ ሕግ ይፈቀዳል?

የማይሱሩው

ይፈቀዳል፣ ደግሞ ልክ ጋሼ ቀለም የጠየቁት ነው። ማዕከሉ አይነካም፣ ዳሩ ግን ቀራጺው የሚያየውን ዓለም ይቀበላል። የሆይሳላ ቀራጺ የራሱን ዘመን ፈረሰኛ፣ የራሱን ዘመን ከበሮ መቺ፣ የራሱን ዘመን የፀጉር አሠራር ነው ያስገባው። የአቡዳቢው ቀራጺ ግመል አስገባ። የራጃስታንና የጉጃራት ድንጋይ ጠራቢ ቤተሰቦች ዛሬም በመሮና በመዶሻ ይሠራሉ። ስለነገርከን እናመሰግናለን።

ፀዳል_21

ከአማልክትና ከነገሥታት ሌላ ተራ ሰው የለም እንዴ? የሆነ ሰው፣ ስሙ የሚታወቅ?

የማይሱሩው

አለ። ግን ልብ ይነካል። ሃሌቢዱ ግቢ ውስጥ አንድ ምሰሶ ቆሟል። የንጉሥ ቪራ ባላላ ዳግማዊ ጠባቂ ለነበረው ለኩቫራ ላክሽማ መታሰቢያ ነው። እሱና ጓዶቹ ከንጉሡ በኋላ ላለመኖር ቃል የገቡ ነበሩ። ንጉሡ ሲሞት ቃላቸውን ጠበቁ። ምሰሶው ዙሪያውን ሰይፍ የያዙ ሰዎች ተቀርጸውበታል፤ አንዳንዱ የራሱን ራስ ሊቆርጥ ሰይፉን አንስቷል። ብዙ ጎብኚ ሳያየው ያልፋል፣ ትልቁ ሕንፃ ስለሚጠራው።

ዲያቆን_ዮ

ይህን አላውቅም ነበር። እጅግ ከባድ ነገር ነው። አንድ ልጠይቅ፤ ብዙዎቹ ምስሎች አፍንጫና እጅ የላቸውም። ጊዜ ነው ያፈረሳቸው ወይስ ሰው?

የማይሱሩው

አብዛኛውን ሰው ነው፣ ዲያቆን። በ1311 እ.ኤ.አ. የዴልሂ ሱልጣኔት ጦር በማሊክ ካፉር እየተመራ መጥቶ ከተማዋን ዘረፈ። ከዚያም በኋላ በዚያው ክፍለ ዘመን እንደገና ተወረረች። ዋና ከተማነቷም ቀረ። ደጃፍ የሚጠብቁት ትልልቅ ምስሎች እጃቸው የተሰበረ ነው። በሂንዱ ልማድ ደግሞ ዋናው ምስል ከተጎዳ አይመለክም። ሶማናታፑራ ዛሬ አምልኮ የሌለበት በዚህ ምክንያት ነው። ቤሉር ግን እስከ ዛሬ ይቀደስበታል፤ ጠዋት ከሄዳችሁ ከበሮና ደወል ትሰማላችሁ። ሦስቱም ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። በጣም ዘገየ እላለሁ።

ኢንጂነር_ሩት

በሚቀጥለው ወር ለሥራ ቤንጋሉሩ እመጣለሁ። አንድ ቀን ብቻ ነው ያለኝ። ምን ይሻለኛል?

የማይሱሩው

በጠዋት ተነሺ። መጀመሪያ ቤሉር ግቢ፣ ምሰሶዎቹ በብዛት እዚያ ውስጥ ናቸው። ውስጡ ጨለማ ስለሆነ ዓይንሽ እስኪለምድ ቆም በዪ፤ ትንሽ ባትሪ ያዢ። ከምሳ በኋላ ሃሌቢዱ። ዋናዎቹ ምስሎች ከኋላ፣ በምዕራብ በኩል ያለው ግድግዳ ላይ ናቸው፣ ከሰዓት ፀሐይ የሚያገኛቸውም ያኔ ነው። ጫማ ስለሚወለቅ ድንጋዩ እግር ያቃጥላል፣ ወፍራም ካልሲ አትርሺ። በሩ ላይ የመንግሥት ፈቃድ ያላቸው አስጎብኚዎች አሉ፤ ዋጋውን ቀድመሽ ተስማሚና "አታስቸኩለኝ" በይው።

ኢንጂነር_ሩት

ካልሲውን ጽፌ ይዣለሁ። የቶርኖውን ምሰሶ በቅርብ አንስቼ እዚሁ እለጥፋለሁ። ጋሼ ቀለም፣ ለእርስዎ ደግሞ ዝንቧንና እንሽላሊቷን ፈልጌ አነሳለሁ።

ቀለም_በጥባጭ

ተባረኪ ልጄ። ከቻልሽ የአባትና የልጁን ስም የተጻፈበትንም ጨምሪልኝ።